የትምህርት ደረጃና ሥራ በፍሬድ ግራፎች፦ የአንድ ነጻ የዳታ አገልግሎት ግምገማ

የሰዎች የሥራ ዕድል እንደየትምህርት ደረጃቸው በዘመናት መካከል እንዴት እንደተለዋወጠ በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ ክፍያ ሳይጠየቅና የስታቲስቲክስ ባለሙያ መሆን ሳያስፈልገው ሊገለገልባቸው ከሚችሉ ድረ ገጾች መካከል ፍሬድን የሚስተካከል ብዙ የለም። ፍሬድ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሥርዓት ክፍል የሆነው የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያስተዳድረው የኢኮኖሚ ዳታ ቋት ሲሆን፣ በ1991 ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከመቶ በላይ ከሆኑ ምንጮች የተሰበሰቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተከታታይ መረጃዎችን ይዟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የምገመግመው ከዚህ ሁሉ ክምችት ውስጥ አንዱን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም የአሜሪካውያንን ሥራ አጥነት፣ በሥራ ኃይሉ ውስጥ ያላቸውን ተሳትፎና የሥራ ስምሪት በትምህርት ደረጃ ከፋፍሎ በየወሩ የሚያሳየው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መሣሪያው እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ተጠቃሚ መጀመሪያ የሚከፍተው፣ ከዚያም አልፎ የማይሄድበት ግራፍ ከጠቅላላው ታሪክ ግማሹን እንኳ አይናገርም።

ቁጥሮቹ የፍሬድ የራሱ ሥራ አይደሉም። የሚሰበስባቸው የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሲሆን፣ ምንጫቸውም በየወሩ ወደ 60,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች የሚጠየቁበት የቤተሰብ ዳሰሳ ነው። ጥያቄው የወሩ 12ኛ ቀን የሚውልበትን ሳምንት ይመለከታል፤ በዚያ ሳምንት ሥራ ያልሠራ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ በትጋት የፈለገና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል። ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአራት ቡድን ይከፈላሉ፦ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁ፣ ሁለተኛ ደረጃ አጠናቀው ኮሌጅ ያልገቡ፣ ኮሌጅ ገብተው ያልጨረሱ ወይም የሁለት ዓመት ዲግሪ የያዙ፣ በመጨረሻም የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው። አራቱም መስመሮች የሚጀምሩት በጃንዋሪ 1992 ነው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ዳሰሳው ሰዎችን ይጠይቅ የነበረው ስንት ዓመት እንደተማሩ ሲሆን፣ ከዚያ ወር ጀምሮ ግን የትኛውን ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ እንደያዙ መጠየቅ ጀመረ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ሁሉ የማጠናቀቂያ ዲፕሎማ እንዳለው ስለማይቆጠር ለውጡ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ የአሮጌውን ዘመን ቁጥር ከአዲሱ ጋር በአንድ መስመር ቀጥሎ ማንበብ አይቻልም፤ ስለ 1970ዎቹና 1980ዎቹ የሚጠይቅ ሰው እዚህ መልስ አያገኝም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። በመፈለጊያው ሳጥን የሥራ አጥነት ምጣኔንና የትምህርት ደረጃን ጽፎ አንዱን መስመር መክፈት፣ ከዚያም ግራፉን በሚያስተካክለው ገጽ ሌሎቹን ሦስት መጨመር በቂ ነው። አካውንት መክፈት የሚያስፈልገው ግራፉን ለማስቀመጥ ለሚፈልግ ብቻ ሲሆን እርሱም ነጻ ነው። ግራፉ ላይ ግራጫ ሆነው የሚታዩት ቋሚ ሰረዞች የኢኮኖሚ ድቀት ወራትን ያመለክታሉ፤ ወራቱን የሚወስነው የአሜሪካ ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ ነው። ከ1992 ወዲህ ሦስት ሰረዞች አሉ፦ ከማርች እስከ ኖቬምበር 2001፣ ከዲሴምበር 2007 እስከ ጁን 2009፣ እንዲሁም ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 2020።

አራቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲቀመጡ ቅደም ተከተላቸው እምብዛም ሳይዛባ ሦስት አሥርት ዓመታትን ይጓዛሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ከሁሉም በላይ፣ ባለ ዲግሪዎቹ ከሁሉም በታች ናቸው። በኤፕሪል 2020 ላይ ጠቋሚውን ያሳረፈ ሰው 21 ከመቶ፣ 17 ከመቶ፣ 15 ከመቶ እና 8 ከመቶ ገደማ የሆኑ አራት ቁጥሮችን ከላይ ወደ ታች ያነባል። ምግብ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ሲዘጉ ሥራቸው በአካል መገኘትን የሚጠይቅ ሰዎች ወዲያውኑ ከደመወዝ ሲወጡ፣ ኮምፒውተራቸውን ወደ ቤት ይዘው መሄድ የቻሉት በአብዛኛው የተማሩት ነበሩ። ይህን ልዩነት ከዚህ ወር በላይ አጉልቶ የሚያሳይ ነጥብ በመስመሮቹ ላይ የለም፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ቁጥሮቹን እዚህ ላይ ቆርጠው ይወስዱና ነገሩን ይዘጋሉ።

እኔ ግን ሌሎቹን ሁለት ድቀቶች ጭምር ሳላወዳድር አልዘጋውም፤ ለዚህም ፍሬድ ወርኃዊውን ቁጥር ወደ ዓመታዊ አማካይ የሚቀይርበት ምርጫ በጣም ይጠቅማል። በ2000 ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ሥራ አጥነት 6.3 ከመቶ፣ የባለ ዲግሪዎቹ 1.7 ከመቶ ነበር። በ2003 የመጀመሪያው ወደ 8.8፣ ሁለተኛው ወደ 3.1 ወጣ። በነጥብ ሲታይ የበለጠ የተጎዱት ያልተማሩት ናቸው፤ 2.5 መቶኛ ነጥብ ጨምሮባቸዋል፣ የባለ ዲግሪዎቹ ጭማሪ ግን 1.4 ብቻ ነው። በምጥጥን ሲታይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ የባለ ዲግሪዎቹ ሥራ አጥነት ከ80 ከመቶ በላይ ሲያድግ የመጀመሪያዎቹ በ40 ከመቶ ገደማ ነው ያደገው። ያ ድቀት የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ከወደቀበት ጊዜ ጋር የተያያዘ እንደነበር ለሚያስታውስ ይህ አያስገርምም፤ በዚያን ጊዜ በርካታ የቢሮና የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል። በቀጣዩ ድቀት ደግሞ የቤቶች ግንባታ ነው የወደቀው። ከ2007 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ከ7.1 ወደ 14.9 ከመቶ ሲወጡ፣ ባለ ዲግሪዎቹ ከ2.0 ወደ 4.7 ደረሱ፤ በነጥብ ሲቆጠር ልዩነቱ ከ5.1 ወደ 10.2 በእጥፍ ሰፋ፣ በምጥጥን ሲቆጠር ግን ከሦስት እጥፍ ተኩል ከሦስት እጥፍ ብዙም ወዳልራቀ ቁጥር ወረደ።

እንግዲህ የትምህርት ጥቅም በችግር ጊዜ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓይነት ዳታ ሁለት ተቃራኒ መልስ ይሰጣል፤ የሚለያየው መቀነስን ወይም ማካፈልን የመረጠው አንባቢ ነው። ፍሬድ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። በአንድ መስመር ውስጥ ሁለተኛ ተከታታይ መረጃ አስገብቶ፣ አንዱን ከሌላው መቀነስ ወይም ለሌላው ማካፈል የሚያስችል የቀመር ሳጥን አለ፤ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ሰዎች ይህን ሳጥን እምብዛም የማይነኩት በማስተካከያው ገጽ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ይመስለኛል፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ ግን ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለእርሱ ነው። በ2023 ሁለቱ ቡድኖች 5.6 እና 2.1 ከመቶ ላይ ነበሩ፤ ከ2010 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በነጥብም በምጥጥንም ጠብቧል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ጉድለት እንመጣለን። የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚመለከተው ሥራ የሚሠሩትንና የሚፈልጉትን ብቻ ነው። ሥራ ፍለጋን የተወ፣ በሕመም ምክንያት ቤት የቀረ፣ ልጅ የሚያሳድግ ወይም ጡረታ የወጣ ሰው ከስሌቱ ውጭ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ቡድን ውስጥ በሥራ ኃይሉ የሚሳተፈው፣ ማለትም የሚሠራው ወይም የሚፈልገው፣ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ይህ ቡድን 5.6 ከመቶ ሥራ አጥ ነበረበት ሲባል፣ ስለ ሌላው ከግማሽ በላይ የሆነ ሕዝብ ምንም አልተባለም ማለት ነው። በፍሬድ ላይ ለአራቱም ቡድኖች የተሳትፎ ምጣኔና ከሕዝቡ ውስጥ በሥራ ላይ ያለውን ድርሻ የሚያሳዩ መስመሮች አሉ። ስለ ሥራ ስምሪት አዝማሚያ መናገር የሚሻ ሰው መጀመሪያ መክፈት ያለበት እነዚህን ነው።

ሲከፍታቸው ግን ያልጠበቀውን ያገኛል። ከ1992 ወዲህ የባለ ዲግሪዎች የተሳትፎ ምጣኔ ከ80 ከመቶ ትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር ወደ 73 ከመቶ ገደማ ወርዷል። ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ያጠናቀቁት ከ66 ከመቶ አካባቢ ወደ 57 ከመቶ አካባቢ ወርደዋል። ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ግን ከ41 ከመቶ ገደማ ተነሥተው ወደ 46 ከመቶ አካባቢ ወጥተዋል። ግራፉን ብቻ ያየ ሰው የትምህርት ዋጋ እየወደቀ፣ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየተፈለገ መጥቷል ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ መደምደሚያው ስህተት ነው፣ መስመሮቹ ግን ትክክል ናቸው።

ምክንያቱ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ምደባው የታችኛውን የዕድሜ ገደብ 25 ሲያደርግ የላይኛውን ክፍት መተዉ ነው፤ የ80 ዓመት ጡረተኛ መሐንዲስም ከባለ ዲግሪዎቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ብዙ ቁጥር ያለው ትውልድ ከቀደሙት ይልቅ በብዛት ዩኒቨርሲቲ የገባ ስለሆነ፣ እርሱ ወደ ጡረታ ሲገባ የባለ ዲግሪዎችን ተሳትፎ ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛው ምክንያት የቡድኖቹ አባላት መለዋወጥ ነው። በ1992 ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ አሜሪካውያን መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሁለተኛ ደረጃ አላጠናቀቀም ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ትምህርት ማጠናቀቅ የተለመደ ባልነበረበት ዘመን ያደጉ፣ ከሥራ የወጡ አዛውንት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሞት ሲለዩ ቡድኑ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ፤ በውስጡ የቀሩት ከቀድሞው ይልቅ በመሥራት ዕድሜ ላይ ያሉ ሲሆኑ፣ ከሌላ አገር መጥተው በግንባታ፣ በእርሻና በጽዳት ሥራ የተሠማሩት ድርሻም ከፍ ያለ ነው። በሌላው ጫፍ የባለ ዲግሪዎቹ ድርሻ ከ21 ከመቶ ገደማ ተነሥቶ በ2022 ወደ 38 ከመቶ ተጠግቷል። መስመሩ ስሙን ይዞ ይቀጥላል፤ የሚወክላቸው ሰዎች ግን በ1992 የነበሩት አይደሉም።

በየወሩ በሚታደሱት በእነዚህ አራት መስመሮች ላይ የዕድሜ ጣሪያ ማስቀመጥ አይቻልም። ከ25 እስከ 54 ዓመት ያሉትን ብቻ ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ዳሰሳው የግለሰብ መዝገቦች መውረድ አለበት፤ እነርሱም በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው ኢፑምስ የተባለው አገልግሎት ለተመዘገበ ሁሉ በነጻ ያቀርባቸዋል። ያ ግን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ማወቅን ይጠይቃል፤ ፍሬድን ተወዳጅ ያደረገው ቅለት እዚያ የለም። በእኔ ግምት ይህ ከአገልግሎቱ ጉድለቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የሚመነጨውም ፍሬድ ከሚቀበለው ወርኃዊ ሠንጠረዥ አሠራር ነው።

ሌላው ቅሬታዬ አራተኛው ቡድን የመጀመሪያ ዲግሪን ከዶክትሬት ጋር አንድ ላይ ማጠቃለሉ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው በየዓመቱ በሚያወጣው ሠንጠረዥ መሠረት በ2023 የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሥራ አጥነት 2.2 ከመቶ ሲሆን፣ እንደ ሕክምናና ሕግ ያለ የሙያ ዲግሪ ያላቸው 1.2 ከመቶ ነበር። የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች የሳምንት መካከለኛ ገቢም በዚያው ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላላጠናቀቁት 708 ዶላር፣ ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቁት 899 ዶላር፣ ለባለ መጀመሪያ ዲግሪዎች 1,493 ዶላር፣ ለባለ ሙያ ዲግሪዎች ደግሞ 2,206 ዶላር ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የዶክትሬት ባለቤቶቹ በ2,109 ዶላር ከሙያ ዲግሪ ያነሰ ያገኙ ነበር፣ ሥራ አጥነታቸውም 1.6 ከመቶ ነበር። የትምህርት ዓመታት በበዙ ቁጥር ገቢ ያለ ማቋረጥ ይጨምራል የሚለው ልማዳዊ አባባል ጫፉ ላይ ሲደርስ አይሠራም።

ዝቅተኛው የዕድሜ ገደብም የራሱን ችግር ይፈጥራል። በ22 ዓመቱ የተመረቀ ወጣት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በመስመሩ ውስጥ አይታይም፤ ከትምህርት ወደ ሥራ የሚደረገው ሽግግር እጅግ የሚያስቸግረው ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ነው። ለዚህ ክፍተት የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ከ22 እስከ 27 ዓመት ያሉ አዲስ ተመራቂዎችን ለብቻ የሚከታተልበትን ገጽ ከፍሬድ ጋር አብሮ መክፈት ይገባል። እዚያ የሚታየው ከአራቱ መስመሮች ፈጽሞ የማይገመት ነገር ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ከጠቅላላው የሠራተኛ አማካይ በታች የኖረው የአዲስ ተመራቂዎች ሥራ አጥነት፣ በቅርቡ ዓመታት ከዚያ አማካይ በላይ ወጥቷል። በተጨማሪም ገጹ ሥራ አግኝተው ሥራው ዲግሪ የማይጠይቃቸውን ይቆጥራል፤ ከአዲስ ተመራቂዎች መካከል እነዚህ ወደ 40 ከመቶ ይጠጋሉ። በፍሬድ ላይ ግን ቡና የሚያቀርብ ባለ ዲግሪም ሆነ በሠለጠነበት ሙያ የተቀጠረ ባለ ዲግሪ እኩል ሥራ ያለው ተብሎ ይመዘገባል።

ከአሜሪካ ውጭ ስላለው ዓለም መጠየቅ የሚፈልግ ደግሞ ፍሬድን ትቶ ወደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የዳታ ቋት ወደ አይ.ኤል.ኦ.ስታት መሄድ አለበት። እርሱ ትምህርትን ከ0 እስከ 8 ባሉት የዓለም አቀፍ ምደባ ደረጃዎች ስለሚከፋፍል አገሮችን ለማነጻጸር ያመቻል፤ ዕድሜን ከትምህርት ጋር አጣምሮ መምረጥም ይቻላል። አጠቃቀሙ ግን ከበድ ይላል፣ የብዙ አገሮች ዳሰሳ በየወሩ ስለማይካሄድም መስመሩ የተቆራረጠ ነው። የአሜሪካን ግራፍ የለመደ ዓይን እዚያ ሲደርስ ይደናገራል፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው በርካታ አገሮች ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ሰዎች የሥራ አጥነት ምጣኔ ካልተማሩት ይበልጣልና። ይህ የሚሆነው ድሃው ያገኘውን ሥራ ሳይሠራ መዋል ስለማይችልና በእርሻም ሆነ በጥቃቅን ንግድ ስለሚሠማራ፣ የተማረው ደግሞ ቤተሰቡ እየደገፈው ለትምህርቱ የሚመጥን ሥራ ስለሚጠብቅ ነው። ምጣኔው ከፍ ማለቱ ትምህርት ይጎዳል ማለት እንዳልሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ዝቅ ማለቱም ትምህርት ብቻውን ሥራ ይፈጥራል ማለት አይደለም።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ የምለው የለም፤ በአብዛኛው እንከን የለሽ ነው። ዳታው በኤክሴል ይወርዳል፣ ግራፉ በምስል ይወጣል፣ የሞባይል መተግበሪያም አለው። ከወቅት መለዋወጥ የተስተካከለውን (ማለትም በየዓመቱ በተወሰኑ ወራት የሚመላለሰው መውጣትና መውረድ የተወገደለትን) መስመር ካልተስተካከለው ለይቶ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በፍለጋው ውጤት ተቀራርበው ስለሚቀመጡ አንዱን ከሌላው ጋር በአንድ ግራፍ መቀላቀል ቀላል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ቡድን በናሙናው ውስጥ ያለው ቁጥር እየቀነሰ ስለመጣ መስመሩ ከሌሎቹ ይልቅ ይዘላል፤ የአንድ ወር ግማሽ ነጥብ ዝላይ ዜና ሊባል አይገባውም። በኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ተቋርጦ ስለነበር የቤተሰብ ዳሰሳው አልተካሄደም፤ የዚያ ወር ቁጥር የለም።

ለመምህራን፣ ለጋዜጠኞችና በምርምር መጀመሪያ ላይ ላሉ ተማሪዎች ይህን አገልግሎት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ የተቀነሰውም ግማሽ ስለ ዕድሜ ጣሪያው ነው። የኮሌጅ ምርጫ ለሚያማክር ሰው ግን አልመክረውም። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው አሁን ትምህርቱን የሚጀምር አንድ ወጣት ከዓመታት በኋላ የሚገጥመውን ሲሆን፣ አራቱ መስመሮች የሚያሳዩት ግን ከ25 ዓመት ጀምሮ እስከ ሽምግልና ያሉት ሁሉ፣ በተለያየ ዘመን የተመረቁትም ጭምር፣ በዚህ ወር ያሉበትን ሁኔታ ነው። ለእርሱ የኒው ዮርኩ ገጽ ውጤቱን በትምህርት ዘርፍ ጭምር ከፍሎ ስለሚያቀርብ ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል።